ሐኪሟ አልፈራችም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፍላችሁ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ሐኪም ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ አንዳንዴም ጠበቆች ጋ እጠራለሁ። ጋዜጣችሁን አዘውትሬ አነባለሁ፤ የእንግሊዝኛ መማሪያ ዓምዳችሁን ደግሞ በስልክ ፎቶ እያነሳሁ ለዘመዶቼ ሁሉ እልካለሁ። ጥሩ ሥራ ነው፣ በርቱ።

ባለፈው ግን ስሜትን የሚገልጹ ቃላት ብላችሁ ያወጣችሁትን ሠንጠረዥ ሳይ ከፋኝ። "አፍሬድ"፣ "ስኬርድ"፣ "ፍራይተንድ"፣ "ስኬሪ"፣ "ፊር"። አምስቱም በግራ በኩል ተደርድረዋል፣ በቀኝ በኩል ለሁሉም የተሰጣቸው አንድ ቃል ነው፦ ፍርሃት። ተማሪ ይሄን ሸምድዶ ፈተና ያልፍ ይሆናል። ሐኪም ፊት፣ የልጁ አስተማሪ ፊት፣ የጥገኝነት ጉዳይ መኮንን ፊት ሲቀመጥ ግን ያ አንድ ቃል ጉድ ያደርገዋል። ሲያደርግ አይቻለሁ፣ ለዚያ ነው የምጽፈው።

ከአክስቴ ልጀምር። አምና ጎናቸውን ክፉኛ አሟቸው ሐኪም ቤት ገቡ። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አብሯቸው የሄደው ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ስምንት ወሩ የነበረው የእህቴ ልጅ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ እዚያ እያለ በእንግሊዝኛ ከክፍሉ አንደኛ ነበር። ምርመራው አልቆ ሁለት ሰዓት ያህል ከጠበቁ በኋላ ሐኪሟ ብቅ አለችና "አይም አፍሬድ ዘ ሪዘልትስ አርንት ባክ የት" አለች። ልጁ "አፍሬድ"ን ሰማ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚያውቀው ቃል ነው። ወደ አክስቴ ዞሮ "ሐኪሟ ፈርታለች። ስለ ውጤቱ ፈርታለች" አላቸው።

አክስቴ ምንም አልመለሱም። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ሐኪም የፈራው በሽታ ምን ሊሆን ይችላል? ቤት ገብተው እህል አልቀመሱም። ሌሊት አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ደውለው ስለት እንድትሳልላቸው ለመኗት፣ የአንገት ሐብላቸውን ለየትኛዋ ልጅ እንደሚተዉ ሳይቀር ነገሯት። እኔ ይሄን ሁሉ የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ውጤቱም በዚያው ቀን መጣ፦ የሐሞት ጠጠር። ሐኪሟ ያለችው "ይቅርታ፣ ውጤቱ ገና አልደረሰም" ነበር። በቃ። የፈራችው ነገር አልነበረም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ደስ የማይል ነገር ወይም እምቢታ ከመናገሩ በፊት "አይም አፍሬድ" ብሎ ያለሰልሰዋል። እኛ "ይቅርታ ግን"፣ "ምን ላድርግ"፣ "አዝናለሁ" እንደምንለው ነው። ሱቅ ውስጥ ሻጩ "አይም አፍሬድ ዊር አውት" ካላችሁ አልቆብናል ማለቱ ነው። "አይም አፍሬድ ኖት" ካለ አይሆንም፣ ወይም የለም ማለት ነው። በዚህ ቦታ "ስኬርድ" ፈጽሞ አይገባም። "አይም ስኬርድ" ያለ ሰው የምሩን ፈርቷል። ልጁ ላይ አልፈርድም። የተማረው ቃል ነው ጉድ ያደረገው።

እግረ መንገዴን ይቺን ልናገር፣ አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ስሙኝ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፤ መሠረቱ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። በስልክም ቢሆን ያመጣሉ። የዘመድ ልጅ ይበቃል አትበሉ፣ ጠይቁ።

ሌላው ጣጣ ሰዋስው ነው። እኛ ጋ መፍራት ግስ ነው። "ፈራሁ" ስትሉ ማን፣ ምን እንደሆነ፣ ሁሉም በአንዷ ቃል ውስጥ አለ። እንግሊዝኛው "አፍሬድ" ግን ግስ አይደለም። "የፈራ" እንደማለት ነው፣ ስለዚህ "ነኝ" ይፈልጋል። ብዙዎቻችን "አይ አፍሬድ" ብለን የምንቀረው ለዚህ ነው፤ "ፈራሁ"ን እንዳለ ስንገለብጠው "አም" የምትገባበት ክፍተት የለም። ደግሞ ይሄ ቃል ከስም ፊት አይቆምም። "የፈራ ልጅ" ለማለት "ፍራይተንድ ቦይ" ወይም "ስኬርድ ቦይ" ይባላል እንጂ "አፍሬድ ቦይ" አይባልም። "አስሊፕ" (የተኛ) እና "አላይቭ"ም (በሕይወት ያለ) እንደዚሁ ናቸው።

"ስኬሪ" ደግሞ የባሰ ነው። "አይ አም ስኬሪ" የሚል ስንት ሰው ሰምቻለሁ፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ሳይቀር። አስፈሪ ነኝ ማለት እኮ ነው። ደስ የሚለው፣ የዚህ መድኃኒት እዚሁ አማርኛችን ውስጥ አለ። "አስ" የምትለዋን አስቡ። ፈሪ፣ አስፈሪ። ደንጋጭ፣ አስደንጋጭ። "አስ" የገባባት ቃል የምትናገረው ስሜቱን ስለሚፈጥረው ነገር ነው። እንግሊዝኛው ይሄንኑ የሚለየው በቃሉ ጭራ ነው፦ "ፍራይትኒንግ" የሚያስፈራው፣ "ፍራይተንድ" የፈራው፤ "ወሪይንግ" የሚያሳስበው፣ "ወሪድ" ያሳሰበው ሰው። ከመናገራችሁ በፊት በልባችሁ "አስፈሪው ነው ወይስ የፈራው?" ብላችሁ ጠይቁ። የእህቴን ልጅ ይሄን ካሳየሁት ወዲህ ሲሳሳት አልሰማሁም። አንዲት ወጥመድ ብቻ ትቀራለች፣ "ቴሪፊክ"። አመጣጧ ከማስፈራት ነው፤ ዛሬ ግን በጣም ጥሩ ማለት ነው። ሐኪም የደም ግፊታችሁን ለክታ "ቴሪፊክ" ብትላችሁ አትደንግጡ።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። አንዲት ጎረቤቴ የ14 ዓመት ልጅ አላት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ እየጠበቁ የሚያስቸግሩት ጎረምሶች ነበሩ፤ አንድ ቀን ቦርሳውን ቀምተው፣ ከንፈሩን አድምተው ላኩት። እናት ናት፣ ሆዷ አልችል አለ። ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ቀጠሮ ያዘች። አስተርጓሚ አልጠየቀችም፣ ትንሽ ትንሽ እችላለሁ ብላ። ቁጭ እንዳለች ያለችው ይሄን ነው፦ "አይ አም አፍሬድ ኦፍ ማይ ሰን"። ለልጄ እፈራለሁ ማለቷ ነው። አማካሪዋ የሰማችው "ልጄን እፈራዋለሁ" የሚል ነው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ሁሉ ተለወጠ። ይመታል? ዕቃ ይሰብራል? ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ? እሷ ስለ ጎረምሶቹ የምትጠየቅ መስሏት "የስ፣ የስ፣ ሂት" ትላለች። በማግስቱ ልጁን ከክፍል አስጠርተው ለብቻው ጠየቁት። እናቴ ከሰሰችኝ ብሎ አመነ። የተደበደበው እሱ፣ የሚጠየቀውም እሱ። ሁለት ሳምንት አላናገራትም። ማታ ማታ በሩ ላይ ቆማ ታለቅስ እንደነበር ነግራኛለች። ነገሩ የጠራው አማካሪዋ በስልክ አስተርጓሚ ይዛ ድጋሚ ስትጠራት ነው።

ይሄን ሁሉ ያመጣችው "ፎር" መሆን ሲገባት "ኦፍ" የሆነች አንዲት ቃል ናት። አማርኛችን እኮ ይሄን ልዩነት አብጠርጥሮ ያውቀዋል! ልጄ*ን* እፈራለሁ፣ *ለ*ልጄ እፈራለሁ። ማንም አማርኛ ተናጋሪ ሁለቱን አይቀላቅልም። "አፍሬድ ኦፍ" የእኛ "ን" ነው፣ "አፍሬድ ፎር" የእኛ "ለ" ነው። ሠንጠረዡ ላይ ይቺን አንድ መስመር ብትጨምሩ ኖሮ ለስንት እናት በደረሰላት።

"ን" ብትሆንም ግን ሁልጊዜ አታዋጣም። እኛ "አባቱን የሚፈራ ልጅ" ስንል ማመስገናችን ነው፤ ጨዋ፣ የታረመ፣ በአባቱ ፊት የማይዳፈር። ፈሪሃ እግዚአብሔር የምንለውም ከዚሁ ነው። አንድ ሕፃን ይሄንኑ ይዞ ለአሜሪካ አስተማሪው "አይ አም አፍሬድ ኦፍ ማይ ፋዘር" ቢላት ግን እሷ የሚታያት ዱላ ነው። እዚህ አገር አስተማሪ በልጅ ላይ ጥቃት መኖሩን ከጠረጠረ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ የሕግ ግዴታው ነው፣ በየትኛውም ስቴት። ሥራዋን ነው የምትሠራው። አከብረዋለሁ ለማለት ከሆነ "ሪስፔክት" የምትል ቃል አለች፣ ልጆቻችሁን አስተምሯቸው። በእውነት የሚፈራ ልጅ ካለ ደግሞ ትክክለኛዋ ቃል "አፍሬድ" ናት፤ ይናገር፣ ማንም አያፍነው።

ጥገኝነት የሚጠይቁ ወገኖቻችን ጋ ስንደርስ ደግሞ ፍርሃት ሕግ ነው። ስደተኛ ማን እንደሆነ የሚተነትነው እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት ትርጓሜው የቆመው "ዌል ፋውንድድ ፊር" በሚል ሐረግ ላይ ነው፣ በቂ መሠረት ያለው ፍርሃት። የአሜሪካ ሕግም ይሄንኑ ሐረግ ወስዶታል። እ.ኤ.አ. በ1987 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካርዶዛ ፎንሴካ በምትባል የኒካራጓ ተወላጅ ጉዳይ ላይ የተከራከረው ስለዚህችው ቃል ነው፤ ምን ያህል ሲሰጋ ነው ሰው በቂ ፍርሃት አለው የሚባለው? አደጋው የመድረስ ዕድሉ ከመቶ 10 እንኳ ቢሆን ፍርሃቱ መሠረት ሊኖረው ይችላል አለ። "ፊር" እዚህ ቦታ ልብ ትር ትር ማለት ብቻ አይደለም። ወደፊት ይደርስብኛል ብሎ መስጋት ነው። እኔ ብጠየቅ ስጋት የሚለው ቃላችን ከፍርሃት ይልቅ ይቀርበዋል።

ማመልከቻው፣ ፎርም አይ-589 የሚባለው፣ ወደ አገርህ ብትመለስ ጉዳት ወይም በደል ይደርስብኛል ብለህ ትፈራለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ልብ በሉ፣ *ብትመለስ* ነው የሚለው። ያለፈው በደል በጣም ይጠቅማል፣ ግን ጥያቄው ወደፊት ያያል። እዚህ ላይ ነው የቋንቋችን ጠባይ የሚጎዳን። እኛ ስሜታችንን የምንናገረው ብዙ ጊዜ ባለፈ ቅርጽ ነው። ራበኝ። ደከመኝ። ጠማኝ። ፈራሁ። ቅርጹ ያለፈ ነው፣ ስሜቱ የአሁን ነው። "ራበኝ" ያለን ሰው "መቼ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ምግብ ይቀርብለታል። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ አያውቅም። "እኔ እኮ ፈራሁ፣ ፈርቼ ነው የመጣሁት" ያለውን ሰው አስተርጓሚው "አይ ዎዝ አፍሬድ" ብሎ ካስተረጎመው፣ ወረቀቱ ላይ የሚቀመጠው ያለፈ ፍርሃት ነው። ፈርቶ ነበር። አሁንስ? መኮንኑ ካልጠየቀ ማን ይናገርለታል? "አይ አም አፍሬድ" ወይም "አይ ፊር" ነው መሆን ያለበት። በጥገኝነት ቢሮ ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ እንግሊዝኛ የማይችል አመልካች አስተርጓሚውን ራሱ ይዞ እንዲመጣ ነው የሚጠበቅበት፤ ብዙው ሰው የሚይዘው ዘመዱን ወይም ጓደኛውን ነው፣ ከእናንተ ሠንጠረዥ የተማረውን።

ሌላም አለ። "ፈሪ" ማለት እኛ ጋ ስድብ ነው። እስር ቤት የከረመ፣ የተገረፈ፣ በእግሩ ድንበር ያቋረጠ ሰውዬ "ትፈራለህ?" ሲባል ደሙ ይፈላል። "እኔ? አልፈራም!" ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ። ኩራቱ ይገባኛል፤ አባቴም እንዲያ ነበር። ግን የተጠየቀው ወንድነቱን አይደለም። ቢመለስ ምን ይደርስበታል ነው የተባለው። ጠበቆች ይሄን አስቀድመው ሊያስረዱት ይገባል፤ አስተርጓሚም ጥርጣሬ ካለው "ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው" ብሎ መናገር አለበት።

ሐኪም ቤትም ይሄው ነው። ጭንቀትን ለመለካት በብዛት የሚሰጥ ሰባት ጥያቄ ያለው ቅጽ አለ፣ ጋድ-7 ይሉታል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ተሰማህ ይላል፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሞላል፣ ድምሩ ቢበዛ 21 ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ውስጥ "ኔርቨስ" (መረበሽ) እና "አንክሸስ" (መጨነቅ) አሉ፣ የመጨረሻው ውስጥ "አፍሬድ" አለ። አንድ ክፉ ነገር ሊመጣ ነው የሚል ፍርሃት ተሰምቶህ ያውቃል ወይ ነው የሚለው። ይሄን "ፈርተህ ታውቃለህ?" ብላችሁ ካስተረጎማችሁት ሽማግሌው "ከማንም አልፈራም" ብለው ዜሮ ይሉላችኋል። "ክፉ ነገር ሊደርስ ነው እያለ ሆድዎን ባር ባር ይለዋል?" ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ ዝም ይላሉ። ከዚያ "ሌሊት ሌሊት" ይላሉ። ያ ነው መልሱ።

ድንጋጤንም በአጭሩ ላንሳ። እኛ በር በድንገት ሲንኳኳም ደነገጥኩ፣ መርዶ ስንሰማም ደነገጥኩ እንላለን፤ አሁን አሁን ደግሞ ለሁሉም "ሾክ ሆንኩ" ማለት ተለምዷል። በሩ ሲንኳኳ ክው ያለው ሰው "ስታርትልድ" ነው። ጉድ ወይም ክፉ ወሬ የሰማው "ሾክድ" ነው። ለድንገተኛ ክፍል ሐኪም ግን "ሾክ" ሌላ ነገር ነው፤ ደም ለሰውነት ክፍሎች በበቂ መድረስ ያቃተው፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለ ሰው ነው። አምቡላንስ ስትጠሩ በዚህች ቃል አትቀልዱ።

አዘጋጁ ሆይ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ቃሉን ብቻውን አታስተምሩ፣ ከነዓረፍተ ነገሩ አስተምሩት። "አፍሬድ" ብላችሁ "መፍራት" ከምትሉ፣ "አይ አም አፍሬድ ፎር ማይ ሰን" ብላችሁ "ለልጄ እሰጋለሁ" በሉ። ቦታ ይፈጃል፣ አውቃለሁ። አምስት ቃል በነበረበት ሁለት ብቻ ይገባል። ሁለት ይግባ። አማርኛው ሀብታም ነው፤ ስጋት፣ ድንጋጤ፣ ሰቀቀን፣ ጭንቀት፣ ሽብር፣ ብርክ፣ ይሉኝታ አለው፣ ለምን ሁሉንም ፍርሃት በሚል አንድ ከረጢት እናጭቀዋለን? በሥራዬ ያጋጠሙኝን እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮች የሰው ምስጢር ሳይነካ የምመዘግብበት ደብተር አለኝ። ከፈለጋችሁ ንጹሕ አድርጌ ገልብጬ በነጻ እልክላችኋለሁ።

አክስቴ ደህና ናቸው፤ ጠጠሩ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ባለፈው ወር ለክትትል ሲሄዱ አብሬያቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ገባችና "አይም አፍሬድ" ብላ ጀመረች። አፌን ሳልከፍት አክስቴ ወደ እኔ ዞር ብለው "ምንድን ነው ያልደረሰው?" አሉኝ። የደም ምርመራው ለሐሙስ ተዛውሮ ነበር።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ